ከአፉላ ነን

ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ፋሲካ ገና ሲያልፍ፣
ያልጋነሽ ደወለች ሌሊቱ ሳይገፈፍ፤
«ተነሺ» ትለኛለች፣ «አውቶቡሱ ያመልጣል!»
አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የሷ ልብ ዐሥራ አንድ ላይ ይወጣል።

ሐብሐቤን ተሸክሜ፣ ቢላዋ በፎጣ ጠቅልዬ፣
አፉላ ጣቢያ ደረስኩ፣ «ዛሬስ ቀደምኳቸው» ብዬ።
ተቀድሜአለሁ።
ትርንጎ አግዳሚው ላይ ጉልበቷን ዘርግታ፣
«ይኸ እግሬ» ትላለች፣ «ቀደመኝ ጡረታ።»

ያልጋነሽ ትቆጥረናለች፣ እንደ ድሮው አለቃችን፣
እንደዚያ ቲማቲም ፋብሪካ፣ እንደ ሌሊት ፈረቃችን፤
ሃያ ዓመት በአንድ ማሽን ጎን ለጎን ቆመን ያደርን፣
ክዳን ስንገጥም ነግቶብን፣ ጣሳ ስናሽግ የኖርን።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አለችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ፤
አራተኛዋ ስንዱ ናት። ስሟን ካነሣን ሰባት ዓመት ነበረ።

ነገሩ የእቁብ ነው፤ ሦስት መቶ ሸቀል ነው፤
«ሰጥቻለሁ» አለች፣ «አልደረሰኝ» አለች፣ በዚያው ነው የቀረነው።
ስንዱ ቤርሳቤህ ወረደች፣ ልጇ ዘንድ ልትኖር፣
የሷ ወንበር አጠገባችን ባዶውን ሲዞር።
«ጉልቻ ሦስት ይበቃል» ብንልም ለማስመሰል፣
ድስታችን ግን አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ሲያዘነብል።

ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ፣ አንዲት ሴት ከሩቅ ጮኸች፤
በአንድ እጇ ፌስታል ይዛ፣ በአንዱ ሻሿን ያዘች።
ስንዱ ናት! ማን ጠራት? ያልጋነሽ በመስኮት ታያለች።
(ያልጋነሽ ምስጢር ስትይዝ ሁሌም መስኮት ትወዳለች።)

ስንዱ ከፊት ተቀመጠች፣ ትርንጎ ከኋላ፤
አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ታቦር አለፈ፣ መጣ ገሊላ።
ፌስታሉ ብቻ ነበረ ከወንበር ወንበር የዞረ፤
የተቆላ ሱፍ። ትርንጎም ዘገነች። ጥርሷ መናገር ጀመረ።

ጥብርያዶስ ስንደርስ ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ያበራል፤
መቼም የሚያየን ሁሉ «ጣናን ይመስላል?» ይለናል።
ጣናን በዓይኗ ያየች ከመሀላችን አንዲት የለች፤
ያልጋነሽ ግን «ቁርጥ እሱን!» ብላ፣ ሳታፍር ትዋሻለች።

ጀልባ ላይ ወጣን። ጀልበኛው፣ ባለ ጥቁር መነጽር፣
«ከየት ናችሁ?» አለን፣ ፈገግታው እንደ ስኳር።
«ከአፉላ» አለች ትርንጎ።
«ማለቴ… ከዚያ በፊት?»
«ከዚያ በፊት ጣቢያው ነበርን፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት!»
ሰባት ዓመት ያልሰማነው የስንዱ ሳቅ ፈነዳ፤
ትርንጎ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ከዳ።

ፍል ውሃው ውስጥ ገባን፣ እስከ አንገት፣ አራት ራስ፤
ድኝ ድኝ የሚሸት፣ አጥንት የሚያስለቅስ።
በእንፋሎቱ መሀል ስንዱ ጉሮሮዋን ጠረገች፤
«ያ ገንዘብ…» ብላ ጀመረች፤
ትርንጎ ውሃ በመዳፏ ዝቃ አፏ ላይ ረጨች።
«ዝም በይ፤ ጉልበቴ እየዳነ ነው» አለች።
ሌላ ነገር አልተባለም።

ሲመሽ ሐብሐብ በላን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣
ፍሬውን ወደ ሐይቁ እየተፋን፣ «ማን ያርቃል?» ተባብለን።
ማሽኑ የቆመ ሌሊት ተነሣ፤ ካርቶን አንጥፈን ተኝተን፣
አለቃው መጥቶ ሲጮኽብን፣ ስንዱ «ጸሎት ላይ ነን!» ብላ ያዳነችን።
ይህን በየዓመቱ እናወራለን፤ በየዓመቱ ይጨመርበታል፤
ዘንድሮ አለቃውም ራሱ አጠገባችን ተኝቷል።

በዚህ መሀል አውቶቡሱ ሄደ፤ የመጨረሻው ነው፤
ታዲያ ያልጋነሽ በሌሊት የቀሰቀሰችን ለምን ነው?
«አፉላ ሦስት መቶ ነው» አለ ባለ ታክሲው ሳይደራደር።
ሦስት መቶ። ተያየን፣ አንዳችንም ሳንናገር።
ስንዱ መሀረቧን ፈታች፣ አንድ በአንድ ቆጠረች፤
ትርንጎ አላመሰገነች፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች።

ታቦር ሥር ስናልፍ ጨለማ ነው። ያልጋነሽ ታንኮራፋለች፤
ትርንጎ ስንዱ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላለች፤
«ለከርሞ» ትላለች በእንቅልፏ፣ «ሐብሐቡን እኔ…»
አልጨረሰችውም።
አንድ ጥቁር ፍሬ ተጣብቋል ከጭኔ።
ፎጣዬን ብዘረጋው ባዶ ነው፤
ቢላዋዬን ሐይቁ ዳር ረስቼዋለሁ።